ከአንበሳው ጅራት በላይ ሦስት ጣት

ሽታዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ካርታውን ግን እንደ ጓዳዋ ታውቀው ነበር። በስተቀኝ ሰማያዊው ባሕር አለ። ባሕሩ ላይ ሸራዋ የተነፋ መርከብ፣ ከመርከቧ ሥር ደግሞ አፉን የከፈተ ጥጃ የሚያክል ዓሣ። ዳር ዳሩን የወይን ሐረግ ዞሮታል። መሐሉ ላይ ግመሎች ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ከግመሎቹ በላይ አንበሳ ተጋድሟል፣ ጅራቱን ሽቅብ ሰቅሏል። ከአንበሳው ጅራት ጫፍ ሦስት ጣት ወደ ላይ ሲለካ፣ ቀዩ መስመር ላይ፣ ልጇ ደርበው አለ።

ካርታው ወደ ቤታቸው የገባው ጣሊያን ሲወጣ ነው። የባሏ የአየነው አባት ዳንግላ ላይ ለጣሊያን ድንጋይ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጣሊያን ጥሎ ሲሄድ ሰው ሁሉ ቆርቆሮውን፣ በርሜሉን፣ ምስማሩን ሲሻማ እሳቸው ከአንድ ሹም ክፍል ግድግዳ ይህን ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ዘንገና ሐይቅ ዳር እስካለው ቤታቸው ድረስ አመጡት። ሚስታቸው ሰው ቆርቆሮ ይዞ ሲገባ የኔው ባል ወረቀት ይዞ ገባ እያለች እስክትሞት ስታሾፍባቸው ኖረች ይባላል። ከጀርባው ጨርቅ የተለጠፈበት፣ ሁለት ክንድ የሚሰፋ ወረቀት ነው። ለጌጥ የተሠራ እንጂ መንገድ ለመፈለጊያ የተሠራ አይመስልም።

አየነው ሲወርሰው ከመደቡ በላይ ሰቀለው። አንድ ጊዜ የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ማርያም ቤቱን ጠበል ሊረጩ ገብተው፣ ከታች ጥግ ላይ እንስራ የተሸከመች፣ ጡቷ የተራቆተ ሴት ተስላ አዩ። እሷ እንዲህ ሆና እያየችኝ ጸሎት አላደርስም ብለው ቁጭ አሉ። አየነው ቢቸግረው ከልጁ ከደርበው ደብተር አንድ ቅጠል ቀደደና እንደ ቀሚስ ቆርጦ በዱቄት ሙጫ ለጠፈላት። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ የሁለተኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ለብሳ ኖረች።

የጽሑፉን ነገር ያነበበላቸው መምህር ባምላክ ነው። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ያኔ ገና ማስተማር መጀመሩ ነበር። ጎረቤቶች ተሰብስበው ዘንገናን እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ፈልጎ ፈልጎ ዳንግላን አገኘ፣ ዘንገናን አጣ። ሽማግሌዎቹ በአገውኛ ተንጫጩ፤ ያን የሚያህል ባሕር ሳያይ ያለፈ ፈረንጅ ምን ዐይን ነበረው ተባለ። አየነው ቅር ብሎት እስክሪብቶ አንሥቶ ከዳንግላ በታች ሰማያዊ ነጥብ ጣለበት። ሁሉም ደስ ብሏቸው ወጡ።

ከዚያ የኤርትራው ጦርነት መጣ።

ደርበውና ይሄይስ በአንድ ቀን ተመዘገቡ፣ በአንድ መኪና ሄዱ። ይሄይስ እናቱ እሱን ወልዳ በአራስነቷ የሞተችበት የጎረቤት ልጅ ነው። ከደርበው ጋር በአንድ ገበታ ነው ያደገው፤ ሽታዬን የሚጠራት እማዬ ብሎ ነው። ሁለት ዓመት ወሬያቸው ጠፋ። በ1993 ዓ.ም. ጥር ላይ ይሄይስ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ብቻውን መጣ።

ሽታዬ ገና ከአጥሩ ውጭ ስታየው አወቀች። እግሩ ላይ ወደቀችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ የት ወደቀ? እሱም ነገራት። ከጾረና ወዲህ፣ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። እዚያ ሾላ ሥር በገዛ እጄ ቀብሬዋለሁ አላት። አየነው እጁን ይዞ ከካርታው ፊት አቆመው። ይሄይስ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ነው፤ ጥቂት ፈለገና ጣቱን አንድ ቦታ አሳረፈ። አየነው በእርሳስ ትንሽ መስቀል ሠራበት፤ ከጎኑ የልጁን ስም ጻፈ። መምህር ባምላክ ቀዩ መስመር ጣሊያን በዘመኑ ያሰመረው ድንበር እንደሆነና የተዋጉትም በእሱ ሰበብ እንደሆነ ሲነግረው፣ አየነው ካርታውን ከግድግዳው አውርዶ ሊቀደው እጁን ዘረጋ። ሽታዬ ያዘችው። ሌላ መቃብር የለንም አለችው።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት የሚወደው ዕቃ ከለቅሶው መሐል ይወጣል። ጠመንጃው፣ ልብሱ፣ ፈረሱ ከነኮርቻው ይታያል፤ ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። ደርበው ልብሱን ለብሶ ሄዷል። የወጣለት ቦራ ፈረሱና ካርታው ነበር። ካርታውን በሁለት እንጨት ወጥረው አቆሙት። ከእንጅባራም ከጥርባም በፈረስ የመጣው ለቀስተኛ በፊቱ እየዞረ አለቀሰ፤ የማያውቁት ሴቶች ሳይቀሩ ያቺን ትንሽ መስቀል ቀረብ ብለው አዩ። ለቅሶው ሲበተን ሽታዬ የፈረሱን ልጓም ለይሄይስ ሰጠችው። ልጄን አፈር ያለበሰ እጅ ይያዘው አለች።

ከዚያ ወዲያ ይሄይስ ልጇ ሆነ። የደርበውን ድርሻ መሬት እሱ አረሰው። እመቤትን ሲያገባ ሽታዬ በእናት ቦታ ቆመች። አየነው ሲሞት አልጋውን ተሸክሞ የሄደው እሱ ነው። እሷም በየወሩ ደርበው ክርስትና በተነሣባት በኪዳነ ምሕረት ቀን ከካርታው ፊት ትቆምና ጣቷን ከአንበሳው ጅራት ጫፍ ትጀምራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እርሳሱ ከጊዜ ብዛት ደብዝዞ ነበር። እሷ ግን በመዳሰስ ታገኘው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ይሄይስ ከእንጅባራ መጣ። እግሩ ለእርሻ እምቢ ካለው ወዲህ ከተማ ሥራ ሲፈልግ ከርሞ አንድ አዲስ ሆቴል ውስጥ ዕቃ ቤት ተቀጥሮ ነበር። ካርታውን አየና አዘነ። ጢሱ እያጠቆረው ነው፣ አይጥም ከጫፉ ጀምራዋለች፣ መስታወት ላስገባለት አለ። ሽታዬ ልቧ ፈራ። ሆኖም የሚወስደው ይሄይስ ነው። በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ሰጠችው፤ እስከ ሚኒባሱ ድረስም ሸኘችው።

በክረምቱ ከኤርትራ ጋር እርቅ ሆነ፣ በመስከረም መንገድ ተከፈተ ተባለ። ሰው በመኪና ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፣ ዘመድ ዘመዱን እያቀፈ ያለቅሳል የሚለውን ሽታዬ በጎረቤት ቴሌቪዥን አየች። ሌሊቱን አልተኛችም። ሲነጋ አባ ገብረ ማርያም ዘንድ ሄደች። ከሾላው ሥር አንድ እፍኝ አፈር አምጥቼ ከአባቱ ጎን ባስቀብር ይፈቀዳል ወይ ብላ ጠየቀች። አባ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ፍትሐት አድርገን እናስገባዋለን አሏት። ለኅዳር ሚካኤል ተቀጠረ። ዕድሩ ተስማማ፣ ሴቶቹ ጌሾውን ተከፋፈሉ። የቀረው ይሄይስ ካርታውን ይዞ አብሯት እንዲሄድ ብቻ ነበር። እሷ ሰሜን ይሁን ደቡብ አታውቅም። ሾላውን የሚያውቅ እሱ፣ ምልክቱ ያለው ካርታው ላይ።

በስልክ ስትጠይቀው መስታወቱ ከባሕር ዳር አልመጣም አለ። ሁለተኛ ስትደውል ክፈፉ ጠቦ እየተስተካከለ ነው አለ። ሦስተኛ ስትደውል ኔትወርክ የለም የሚል ድምፅ መለሰላት።

አንድ ማክሰኞ መምህር ባምላክ መንገድ ላይ አገኛትና እንኳን ደስ አለሽ አላት። ለስብሰባ ሄዶ ካርታውን አዲሱ ሆቴል ውስጥ ተሰቅሎ አይቶት ኖሯል። መብራት በርቶለት እንዴት እንዳማረበት፣ ፈረንጆች አጠገቡ ቆመው ፎቶ ሲነሱ እንዳየ አወራላት። እንደዚህ ያለ ነገር ለሕዝብ መስጠት ትልቅ ልብ ይጠይቃል ብሎ አመሰገናት። ሽታዬ አሜን አለች።

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍራ እንጅባራ ወረደች። ባጃጅ ነጂው ሆቴሉን ስትጠራለት ከእግር እስከ ራሷ አይቷት፣ ሠርግ አለብዎት እንዴ እማማ ብሎ ቀለደ። ሆቴሉ ወለሉ የሚያንሸራትት፣ ገና ቀለም ቀለም የሚሸት ነው። ካርታው ከእንግዳ መቀበያው ኋላ፣ ወርቅማ ክፈፍ ውስጥ ተሰቅሏል። ከላዩ ትንሽ አምፖል በርቶለታል።

ሀይማኖት የምትባል መልካም ልጅ ከመቀበያው ተነሥታ ምን ልታዘዝ እናቴ አለቻት። ሽታዬ ማየት ነው የፈለግሁት አለች። ልጅቷም አልከለከለቻትም፤ እንዲያውም እጇን ይዛ ከጠረጴዛው ኋላ አሳለፈቻት። ሽታዬ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈችና ከአንበሳው ጅራት ጫፍ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምንም የለም። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ከሌላው ነጥቷል፤ ተፍቆ ተፍቆ ሳስቷል። ወደ ታች አየች። እንስራ የተሸከመችው ሴት ተራቁታለች። የደርበው የእጅ ጽሑፍ የነበረበት ቀሚሷ ተልጦ ሄዷል። የዘንገና ነጥብ ብቻ ቀርቷል፤ የእስክሪብቶ ቀለም ስለሆነ አልለቀቀም።

ልጅቷ ስትጠየቅ ሳትደብቅ ነገረቻት። ባለሆቴሉ ካርታውን ሲያይ ወድዶት ነበር፤ የተጻጻፈበትን ግን አልሰቅልም አለ። አቶ ይሄይስ ነው ሦስት ቀን ሙሉ በላጲስ ተቀምጦ ያጸዳው። የእሱ ስጦታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ አድርገውታል። ይህን ብላ ልትጠራው ሄደች።

ይሄይስ የሆቴሉን ሰማያዊ ኮት ለብሶ መጣ። ሽታዬን ሲያይ ቆመ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ብዙ ተናገረ። ካርታው በዚያ ጢስ ውስጥ ሁለት ክረምት አይሻገርም ነበር፣ እዚህ ግን ዘላለም ይኖራል አለ። ሥራውን ያገኘው በጭንቅ ነው፤ እግሩን ታውቃለች፤ ልጆቹ የእሷም የልጅ ልጆች ናቸው። ሊነግራት በየቀኑ ሲያስብ፣ ሲፈራ ከረመ። ሽታዬ አስጨረሰችው። ወረቀት ወረቀት ነው፤ የልጇ ቦታ ከጠፋ ግን አፈሩን ከየት ታመጣለች? ያሳሰባት እሱ ብቻ ነበር።

"ምልክቱን አጥፍተኸዋል" አለችው። "ይሁን። አንተ ግን ታውቀዋለህ። አሁን አሳየኝ፤ በልቤ ይዤው እሄዳለሁ።"

ይሄይስ ፊቱ በራ። እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍ አልመሰለውም ነበር። መዳፉን በኮቱ ጠራረገና ጣቱን መስታወቱ ላይ አደረገ። ከአንበሳው ጅራት ወደ ግራ፣ አንድ ሙሉ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ከሰማያዊው ወንዝ ማዶ።

ሽታዬ ጣቱን አየች።

"እዚህ ነው?"

"እዚህ ነው እማዬ።"

"ደህና አድርገህ እይ።"

ጣቱን ትንሽ ወደ ላይ ገፋው። "እዚህ። እርግጠኛ ነኝ። በእጄ የቀበርኩትን እረሳለሁ?"

እጁን ያዘችው። ጣቱን እንደ ሕፃን ጣት ይዛ፣ ከአንበሳው ጅራት ጫፍ አስጀምራ፣ በሌላው እጇ ሦስት ለክታ፣ የሳሳው ቦታ ላይ አሳረፈችው።

"ያኔ እዚህ ነበር ያልከን። አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ነው ያለቀስነው።"

ይሄይስ እጁን አልነጠቀም። ጣቱ በእሷ እጅ ውስጥ እየላበ መጣ። ሀይማኖት ስልክ ያነሣች መስላ ዘወር አለች።

"አልነበርኩም" አለ በመጨረሻ።

"የት?"

"እሱ ጋ። ያን ጊዜ እኔ ዛላንበሳ በኩል ነበርኩ። ሆስፒታል ተኝቼ ከእሱ ሻለቃ የመጣ ቁስለኛ ነው የነገረኝ። እርስዎ እግሬ ላይ ወድቀው የት ወደቀ ሲሉኝ አላውቅም ማለት አቃተኝ። ጋሽ አየነውም እጄን ይዘው ሲያቆሙኝ... የሆነ ቦታ ነካሁ።"

"ሞቷል ግን።"

"ሞቷል። የመርዶው ወረቀትም ኋላ ከመንግሥት መጥቷል አይደል።"

ሽታዬ ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱ መጥቷል፤ ቦታ ግን አልተጻፈበትም ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

"ሾላውስ?"

ይሄይስ መሬት መሬት አየ።

"ሾላው፣ ይሄይስ። ጥላ አለው ብዬ ነው እኮ በየሌሊቱ የምተኛው።"

"ሾላ የለም እማዬ። አላየሁም። እንዲቀልልዎት ብዬ ነው።"

በሩ ተከፍቶ እንግዶች ገቡ፤ ሻንጣቸው ወለሉ ላይ እየተንኳኳ አለፈ። ይሄይስ ቀረብ ብሎ በሹክሹክታ ተናገረ። ባለሆቴሉ በሌለበት መስታወቱን አንሥቼ መልሼ እጽፈዋለሁ አለ። በቀጭኑ፣ ሰው ሳያስተውለው። እርስዎ ያሉኝ ቦታ ላይ።

"እኔ ያልኩህ ቦታ?" አለች ሽታዬ። "እኔ ነኝ የቀበርኩት?"

ሽታዬ ነጠላዋን አስተካከለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያሰበችው ስለ ደርበው ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ ፈረሱን፣ መሬቱን፣ የእመቤትን ሠርግ፣ በየዓመቱ አዲሱን እሸት ከሁሉ በፊት እየቀመሰ ይሄይስ የተቀመጠባትን መደብ አሰበች። ከሰጠችው አንዱም አልቆጫትም። የቆጫት በየጊዜው እጁን ይዛ መሳሟ ነው። ልጄን አፈር ያለበሰ እጅ እያለች።

"እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድሩ ይሰበሰባል" አለችው። "ሰው ለኅዳር ሚካኤል እየተሰናዳ ነው። እኔ ምን ብዬ ልንገራቸው? አንተ ነህ ያስለቀስካቸው፤ አንተው መጥተህ ንገር። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንሆናለን።"

እመጣለሁ አለ። በሚካኤል ማለላት። ሊሸኛት ብሎ እስከ በሩ ተከተላት፤ እሷ ግን ሳትዞር ወጣች። ለመመለስ ስትሳፈር አንዲት ሴት ቦታ ለቅቃላት ታመሻል እንዴ እትዬ ብላ ጠየቀቻት። ደህና ነኝ አለች።

እሁድ ቅዳሴው አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ስማቸው የሚባለው የዕድሩ ዳኛ ሌላ ሌላውን ጉዳይ አንሥቶ ጨረሰና ወደ ሽታዬ ዞረ። እሷ ትንሽ እንቆይ አለች። ቆዩ። መንገዱን የሚያሳየው የጥዶቹ ክፍተት ላይ አንድ ሁለት ሰው ብቅ ባለ ቁጥር አንገቷ ይዞራል። አንዱ አህያ የሚነዳ ነበር፣ አንዱ ጠጅ የቀመሰ ዘፋኝ። ዳኛው ፀሐይዋን አየና አንዴ ሳል አደረገ። ወርቅአየሁ የምትባለው ጎረቤቷ ማንን ነው የምንጠብቀው ስትላት፣ ሽታዬ ማንንም ብላ ተነሣች።

ቆማ መናገር አልለመደችም። የሆነውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ካርታው የት እንዳለ፣ ምልክቱ እንደተፋቀ፣ ይሄይስ እዚያ እንዳልነበረ፣ ሾላ እንደሌለ። የይሄይስን ስም ስትጠራ ድምፅዋ አልተለወጠም። ሰው መሐል ጉምጉምታ ተነሣ፤ አንድ ሽማግሌ በአገውኛ ክፉ ነገር ተናገረ። ሽታዬ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው፤ አልጨረሰችም ነበር።

"አሥራ ስምንት ዓመት እሱ በሌለበት ቦታ አስለቅሻችኋለሁ" አለች። "ከጥርባ ድረስ ፈረስ ጭናችሁ መጥታችሁ በባዶ ወረቀት ፊት አስለቀስኳችሁ። እኔም ሳላውቅ ነው። ይቅር በሉኝ።"

ይቅር ይበለን ብለው መጀመሪያ የተናገሩት አባ ገብረ ማርያም ናቸው፤ ከዚያ ሌሎቹ እየተከተሉ አሉ። አባ የኅዳር ሚካኤሉን ፍትሐት ምን እናድርገው ብለው ጠየቁ። ያለ አፈር ያድርጉልኝ አለቻቸው፤ ስሙን ብቻ ይጥሩልኝ፣ አገር አይጥሩበት።

ስትቀመጥ ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። እመቤት ናት፤ የይሄይስ ሚስት። ከእንጅባራ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከሰዎቹ ወዲያ ብቻዋን ቆመች፤ ማንም ነይ አላላትም። ኋላ ቀርባ ወደ ሽታዬ ጎንበስ ብላ ጠዋት ወደ ዳንግላ ሄደ አለቻት፤ ልብሱን ይዞ ነው የሄደው፣ ውሸቱን አውቄ እንዳልኖርኩ ይወቁልኝ።

ሽታዬ ቀና ብላ አላየቻትም። ሰው ሁሉ ምን እንደምታደርግ እየጠበቀ ነበር። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ጎን ተጠጋችና ሣሩ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።